ገለባ የሰሰተ ነጋዴ፣ ከነቀምት እስከ አሶሳ

በ1900 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ጎልማሳ ነበርሁ። ከጎጃም ዓባይን ተሻግሬ ነቀምት ከገባሁ ሁለት ክረምት አልፎኛል። በዚህ ዓለም የኔ የምለው አንዲት በቅሎ ብቻ ነው ያለኝ። መልኳ ቡላ ስለ ሆነ ስሟንም ቡላ አልኋት። አባቴ ሲሞት መሬቱን ታላቅ ወንድሜ ወሰደ፣ እሷን ለኔ ሰጡኝ። እሷ ካለች ጭኜ እበላለሁ፤ እሷ ከሞተች የሰው አሽከር ነኝ።

ይህን አሁን በስተርጅና የምጽፈው ስለ ተናደድሁ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ቄስ ዘንድ ነው፤ ዳዊት ሳልደርስ አቋረጥሁ። ስሕተት ያገኘ ያርመው። በቀደም ለት እዚሁ አሶሳ ገበያ ዳር አንድ የጭነት መኪና ቆሟል። ጎማው ሆዱ ወጥቷል። ሾፌሩን፣ «ልጄ፣ ይኼ ጎማ ለምን አይለወጥም?» ብለው፣ «አባባ፣ መኪናው የኪራይ ነው። ለሰው መኪና ጎማ የሚገዛ ሞኝ አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዘይቱስ ብለው፣ «እስኪያልቅ ይሠራል» አለ። ቁጠባ ነው ይለዋል! የባሻ ደስታ የልጅ ልጅ መሰለኝ። እንግዲህ ባሻ ደስታ ማን እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

ነቀምት፣ ጎህ ሲቀድ

ወሩ ጥር ነው። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቷል፣ የበቅሎው ትንፋሽ ይጨሳል። ባሻ ደስታ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ወደ አሶሳ አሞሌ ጨውና አቡጀዲ ያወርዳል፣ ከዚያ ወርቅና ጥጥ ያወጣል። ቡላን ተከራየኝ፣ እኔንም ጫኝ አድርጎ ቀጠረኝ። ውሉን በሽማግሌ ፊት ተዋዋልን። ገለባ፣ ለጀርባዋ የሚቀባ ቅቤ፣ እህል፣ ጠፍር በተከራዩ። በቅሎዋ መንገድ ላይ ብትሞት ቆዳዋ ተገፎ ይቀርባል። የቆዳው ጀርባ ደህና ከሆነ በሽታ ነው፣ የእግዜር ነው፤ ባለቤቱ ይጎዳ። ጀርባው ተቦርቡሮ ከተገኘ ግን ጭነት ነው የገደላትና ተከራዩ በቅሎ ይተካ። ጥሩ ሕግ መሰለኝ።

ስንጭን ግን ገና ከጅምሩ ደሜ ፈላ። ከጭነቱ ሥር የሚደላደል ትራስ አለ፤ ከቆዳ ተሰፍቶ ገለባ የሚሞላ። ገለባው ሲያረጅ ደቅቆ እንደ ድንጋይ ይረጋል፤ ስለዚህ ለመንገድ የተነሣ ሰው አሮጌውን አፍስሶ አዲስ ይሞላል። የባሻን ትራስ በጉልበቴ ተጫንሁት። ጉልበቴን አመመኝ።

«ባሻ፣ ይኼ ድንጋይ ነው እንጂ ትራስ አይደለም። ገለባ ይገዛ።»

«የት ያለ ገለባ?»

«ያቻት ሴትዮዋ ተሸክማ ቆማለች። በአንድ አሞሌ ለሁሉም ይበቃል።»

«በአሞሌ!» አለና የዝንብ ጭራውን አወናጨፈ። «ጨው የምነግደው ገለባ ልገዛበት ነው? አንተ ጎጃሜ፣ በቅሎህ ሰርግ ነው የምትሄደው?»

ጫኞቹ ሳቁ። ጉዲሳ የሚባለው የነቀምት ልጅ ብቻ አልሳቀም፤ እሱም ድንጋዩን በእጁ ዳብሶት ነበር። ኩታዬን አጥፌ ከትራሱ ሥር ለቡላ አነጠፍሁላት። እስከ አሶሳ ሌሊት ሌሊት የተንቀጠቀጥሁት እኔ ነኝ። የባሻን ዕዳ በኔ ኩታ መክፈሌ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መንዲ

ነጆን አልፈን መንዲ ስንደርስ ደጋው አለቀ። ከዚህ በታች ወደ ዳቡስ ቆላ ሲወረድ በቅሎ የሚፈጅ ዝንብ አለ፤ በሽታውን ገንዲ ይሉታል። ልምዱ ለማንም የታወቀ ነው፤ በቅሎ መንዲ ይቀራል፣ ጭነቱ ወደ ቆላው ሰዎች ወደ ቤርታዎች አህያ ይዛወራል። ሼህ ሐሚድ የተባለ የአሶሳ ሰው አህዮቹን አሰልፎ ይጠብቀን ነበር። አማርኛን ከነጋዴ አፍ ስለ ለቀመው ወንድና ሴት አይለይም።

«ያ ባሻ! አሰላሙ አለይኩም። በቅሎ እዚህ ይቀራል፣ አህያ ይሄዳል፤ ተማም?»

«ዘንድሮ ዝንቡ የለም አሉ።»

«ማነው ያለው? ዝንቡ ራሱ ነው ያለው?»

«ኪራይህ በዛ ሼህ።»

«ወላሂ አልበዛም። አህያ የኔ ነው፣ ገለባ የኔ ነው፣ ሞቱም የኔ ነው። አንተ ግን በቅሎ ያንተ አይደለም። ስለዚህ አትፈራም።»

ባሻ ወደኛ ዞሮ «ጫኑ!» ብሎ ጮኸ። ቀርቤ የቡላን ልጓም ያዝሁ።

«ባሻ፣ ቡላ ቆላ አትወርድም።»

«ውልህ አሶሳ ድረስ ነው። እዚህ ከቀረች አንዲት ብር አታገኝም፤ እስካሁን የበላችውም እህል ታስቦ ትከፍላለህ።»

የምከፍለው ምን አለኝና! ለቀቅሁ። ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉዲሳ ጎኔ መጣና፣ «አልገባህም እንዴ አያሌው?» አለኝ። «ዝንብ ባለበት አገር የሞተ ሁሉ በዝንብ ነው የሚሞተው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውዬው የአህያ ኪራይ ብቻ አልነበረም የቆጠበው። ብትሞት የሚያሳብብበት ምክንያትም በነጻ እየገዛ ነበር።

ዳቡስ ወንዝ

ሙቀቱ ከመሬት ነው የሚወጣው። ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ዝንቡ ሲነድፍ እንደ ወስፌ ነው፤ በቅሎዎቹ ቆዳቸውን ያርገፈግፋሉ፣ በእግራቸው ሆዳቸውን ይመታሉ። ቅጠል ቆርጬ የቡላን አንገት ሳራግብ ዋልሁ።

ወንዙ ከበቅሎ ሆድ ይደርሳል። ደንበኛው አሻጋገር ጭነቱን አውርዶ በሰው ራስ ማሻገር ነው፤ በቅሎ ባዶዋን ትሻገራለች። ተሸካሚዎቹ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ባሻ አያቸውና ፊቱን አዞረ። «እንደ ተጫነ ግቡ!» አለ። ገባን። ማዶ ስንወጣ ከጨዉ፣ ከትራሱ፣ ከኩታዬ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ባሻ፣ ጨዉ ቀለጠ እኮ!»

«ሲደርቅ ይጠነክራል።»

«የበቅሎዋስ ጀርባ?»

«እሱም ሲደርቅ ይጠነክራል።»

አንድ ቀን ማደር ነበረብን፤ ትራሱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ደርቆ መጫን። እዚያ ለሚያድር ሰው የወንዙ ዳር ባላገሮች ለግጦሽ ትንሽ ነገር ይቀበላሉ። ባሻ እሷን ትንሽ ነገር ላለመስጠት እርጥቡን ትራስ እርጥብ ጀርባ ላይ አስጭኖ ነዳን። የጨው ውሃ ቀኑን ሙሉ ጀርባዋ ላይ ሲንጠባጠብ ዋለ። የሌላ ነጋዴ ጨው ጭኖ የተከተለን ሼህ ሐሚድ ግን ማዶው ላይ አህዮቹን አራግፎ፣ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ቀረ። ስናልፍ እጁን አነሣልን።

ባምባሲ

እዚህ አረፍን። ትራሱን ሳነሣ ጠጉሯ ከነቆዳው ተከትሎት መጣ። በቀኝም በግራም፣ መዳፌን የሚያህል፣ ቀይ። ቡላ አልተራገጠችም። ራሷን ብብቴ ውስጥ ከታ ዝም አለች። ቢሻላት በረገጠችኝ፤ ዝም ማለቷ ነው ያቃጠለኝ።

ባሻን፣ «ቅቤ» አልሁት። «በውላችን አለ።»

«ቅቤው አልቋል።»

ቅቤው ግን ከራስ ጠጉሩ በግንባሩ ላይ እየወረደ፣ በፀሐይ እያብረቀረቀ ነበር! ቆሜ ሳየው፣ «ምን ታፈጣለህ?» ይለኛል። ጉዲሳ ሳቁን ለመደበቅ ጠፍር የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ አለ። ከቡላ ጭነት የምችለውን ያህል አውርጄ በትከሻዬ አደረግሁ። ባሻ ይህንንም አይቶ ደስ አለው፤ ለአንድ ኪራይ ሁለት ከብት አገኘ።

አሶሳ

አሶሳ ስንገባ ገበያ ቆሟል። ቤቱ ሁሉ በሽመል፣ በቆላ ቀርከሃ፣ የተሠራ ነው፣ አጥሩም ሽመል። ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎች ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በዓረብኛ ይከራከራሉ፤ ሴቶች ባምያና ማሽላ ዘርግተዋል፤ የወርቅ ዱቄት በላባ አገዳ ውስጥ ተከትቶ ከጆሮ ጀርባ ይወጣል። ጨዉ ተራገፈ። ባሻ የተጎዳው ጨው በዋጋ ስለ ወደቀበት ፊቱ ጠቁሯል። ደጋግሞ ቆጥቦ አንድ ጊዜ ከሰረ፤ ኪሳራውን ግን በኛ ላይ ነው የሚጮኸው።

ከቀትር በኋላ ጉዲሳ ቡላን እየሳበ ወደኔ መጣ።

«አያሌው፣ ባሻ ይቺን ከሽመሉ ጫካ ማዶ ወስደህ ልቀቃት፣ ሣር ትብላ ብሎኛል።»

«ሣር?»

«ከሽመሉ ማዶ ሣር የለም። ጅብ ነው ያለው።»

ጅብ ደግሞ ቆዳ አያስተርፍም። ቆዳ ከሌለ ጀርባ የለም፣ ጀርባ ከሌለ ዕዳ የለም። «ዝንብ በላት» ይላል ባሻ፣ ነገሩም ያልቃል።

ገመዱን ከጉዲሳ እጅ ነጥቄ ቀጥታ ወደ ገበያው ዳኛ ነዳኋት። ዳኛው ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ገበያው ዳር ባለው ደጁ፣ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ በነጋዴዎች መካከል ይፈርዳል። ባሻ ተጠርቶ መጣ። ውሉን ተናገርሁ፤ ባሻም አልካደም።

«ዝንብ ነው ጌታዬ» አለ እንጂ። «ቆላ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ጀርባዋን የሸፈንሁበትን ኩታ ገለጥሁ። የከበበን ሰው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ዳኛው ተነሥቶ በቅርብ አየ፤ ብዙ አየ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይህ ጭነት ነው፤ ዝንብ አይደለም» አለ። ልቤ ዘለለች። «ግን ውላችሁ ስትሞት ነው የሚለው። ሞታለች?»

«አልሞተችም ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ልፍረድ? ለቆመች በቅሎ ካሣ የለም። ስትሞት ቆዳዋን ይዘህ ና፤ ያን ጊዜ እፈርድልሃለሁ።»

«ቆዳዋ ይኸውና ላይዋ ላይ!»

«ከላይዋ ሲወርድ ና።»

ባሻ ጥርሱን ሳይደብቅ ሳቀ። «ቡላህ ለመልስ ጭነት ካልደረሰች የመልስ ኪራይ የለህም» አለኝና ወደ ጨዉ ሄደ።

ያን ማታ ያስጠጋኝ ሼህ ሐሚድ ነው፤ እሱም ዳቡስ ማዶ ቀን ውሎ ትራሱን አድርቆ፣ አንድ አህያ ሳይጎዳበት ገብቷል። የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ቀረበልን። ቡላ አጥሩ ሥር ቆማለች። ጉዲሳም መጥቶ ነበር።

«ሞኝ አትሁን» አለኝ። «ባሻ ጨዉን ሸጦ እስኪጨርስ እዚሁ ነው። አታጥባት፣ አትቀባት፤ ዝም ብለህ ተዋት። በቶሎ ትሞታለች፣ ቆዳዋን ገፈህ ደህና በቅሎ ትቀበላለህ። ብታድናት ግን ባዶህን ነህ፤ በቅሎዋ እስክትሽር ማን ያበላሃል?»

እውነቱን ነው። በጣም ያስቆጣኝም እውነት መሆኑ ነው። ሕጉ ካዳንሃት ትከስራለህ፣ ከገደልሃት ታተርፋለህ አለኝ ማለት እኮ ነው! ሼህ ሐሚድ ጣቱን ልሶ፣

«ዳኛ ጥሩ ሰው ነው» አለ። «ለሞተ ብቻ ያዝናል።»

ወደ ቡላ አየሁ። የሽመል ቅጠል ከአጥሩ እየዘነጠለች ታኝካለች። ጀርባዋ እንደዚያ ሆኖ መብላቷን አልተወችም። እሷ ልትኖር ነው የምትታገለው፤ እኛ ቁጭ ብለን ሞቷን እንተምናለን።

«ምን ቆረጥህ?» አለኝ ጉዲሳ።

«ነገ ጠዋት ቆዳዋን ለዳኛው አቀርባለሁ።»

ጉዲሳ ፊቱ ተለወጠ፤ ቢሆንም ቢላዋውን ከሰገባው አውጥቶ ዘረጋልኝ። አልተቀበልሁትም። ሼህ ሐሚድን ግን፣ «ድስት ታውሰኛለህ?» አልሁት።

«ድስት ምን ትሠራለህ?»

«ግራዋ ላፍላበት፤ ቁስሏን ላጥብ።»

ሼሁ ሳቀ። «ቅጠል ከጓሮ አለ፤ ቅቤም አለ» አለኝ። «ውሰድ። እኔ እንደ ባሻ ራሴ ላይ አልቀባም።»

በማግሥቱ ጠዋት ግራዋውን አፍልቼ በቅል ቀዳሁና ቡላን እየመራሁ በገበያው መካከል አልፌ ሄድሁ። ዳኛው ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ነጋዴዎቹ ከበውታል፣ ባሻም ጨዉን ዘርግቶ ከመካከላቸው አለ። «ጌታዬ» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቆዳዋን ይዘህ ና ብለውኝ ነበር። ይኸው ይዤ መጣሁ። በቅሎዋ ግን አልወጣም ብላ ውስጡ አለች።» ከዚያ ገመዷን ከራሱ ከዳኛው አጥር ላይ አሰርሁና፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ እዚያው ደጁ ላይ ጀርባዋን በግራዋው አጥብ ጀመር።