ኦሼክ ከምሰሶው ሲወርድ

ኦሼክ ሐመድ ከሱዳኗ የቀይ ባሕር ወደብ ከሱዋኪን ወደ ሰሜን በሚወጡ ባለ ሸራ ጀልባዎች ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ውኃ ሲያነብ ኖረ። ሥራው ምሰሶው ላይ ወጥቶ ቀለም መለየት ነበር፤ ጥቁሩ ጥልቅ፣ አረንጓዴው ስስ፣ ቡናማው ዐለት ነው። ጀልባዎቹ የሚያርፉባቸው መርሳዎች፣ እነዚያ ጸጥ ያሉ የባሕር ጓዳዎች፣ በራቸው ጠባብ ነው። የሚገባባቸውም ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን ብቻ ነው።

ካቻምና ቀለሞቹ ተቀላቀሉበት። ፖርት ሱዳን ላይ ያየው ሐኪም ግላኮማ የሚባል የዓይን በሽታ ነው አለው። «የጠፋው አይመለስም። የቀረው እንዳይሄድ ጠብታውን አታቋርጥ።»

ኦሼክ የነገረው ለሚስቱ ለአማና ብቻ ነው።

«ካፒቴኑ ከሰማ ከምሰሶው ያወርድሃል» አለችው።

እሱም የፈራው ይህንኑ ነበር። ከምሰሶው ከወረደ ሌላ የሚያውቀው ሥራ አልነበረውም።

ስለዚህ አባቶች በየመርሳው አፍ በካቧቸው የድንጋይ ክምሮች መመራት ጀመረ። ክምሩን ከጀልባዋ አፍንጫ ትይዩ ካደረጉት መንገዱ ክፍት ነው። ከሰማዩ ላይ ጎልቶ የቆመ ጥቁር ጉብታ ደግሞ ለእሱም ይታየዋል።

አንድ ቀን ስድስት ጎብኚዎች ይዘው መርሳ አድሪብ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ካፒቴን ባብከር መሪውን እንደያዘ ጮኸ።

«አንተ ሽማግሌ! እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ? ምን ይታይሃል?»

«የአንተ ፊት አይታየኝ እንጂ ደኅና ነኝ! ትንሽ ወደ ግራ።»

«ግራ? በቀኝ አልነበር እንዴ የምንገባው?»

«ላይ ያለሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

ባብከር ሳቀና ታዘዘ።

ጀልባዋ አቃሰተች፤ ቆመች፤ ቀጥላም በጎኗ አዘነበለች። ስድስቱ ጎብኚዎች ተያይዘው ወደቁ። ከባሕሩ ዳር ኦሃጅ የሚባል ዓሣ አጥማጅ በታንኳ እየቀዘፈ መጣ።

«አጎቴ ኦሼክ፣ ምን ነካህ? በጠራራ ፀሐይ!»

«ክምሩን ይዤ ነው የመጣሁት።»

«የቱን? ያንን? ያ እኮ መቃብር ነው! ባለፈው ወር ባሕር የተፋውን ሰው ቀብረን፣ እንደ ወጋችን ድንጋይ ካብንበት። የድሮው ክምር ከሱ በስተቀኝ ነው፤ ግማሹ ፈርሷል። ደግሞ አንተ ክምር ምን ያደርግልሃል? ዐለቱ ከፊትህ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቶ!»

 ባብከር ወደ ምሰሶው ቀና ብሎ ኦሼክን አየው።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከካቻምና።»

«ስንት መርሳ አስገባኸን እንዲህ ሆነህ?»

«አሥራ ሁለት።»

«አምና ልጆቼን ይዤ ነበር፣ ኦሼክ።»

 ኦሼክ ምሰሶውን በእጁ እየዳበሰ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ የሌሎች አጥማጆች ታንኳዎች መጥተው ጀልባዋን ከዐለቱ ጎትተው አስለቀቋት። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዞራ ከጀርባቸው ስትሆን ባብከር ወደ ባሕሩ ለመመለስ ኦሃጅን ምሰሶው ላይ አወጣው። ኦሼክ ከጎብኚዎቹ ጋር በሸራው ጥላ ሥር ተቀመጠ። አንዲት ሴት ውኃ ሰጠችው።

«አረንጓዴ! ቡናማ በስተቀኝ!» አለ ኦሃጅ።

ኦሼክ ወደ ቀኝ ዞረ። ሁሉም ግራጫ ነበር።

ሱዋኪን ሲደርሱ ባብከር ክንዱን ይዞ አወረደው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሚቀጥለውን ጉዞ ቀን ሳይነግረው ተለያይተው አያውቁም። ያን ዕለት ግን «ለአማና ሰላም በልልኝ» ብሎት ወደ ጀልባዋ ተመለሰ።