አክስቴ ለጠበቃዋ የሰጠችው ቃል

አክስቴ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ታጥፍ ነበር። ከመሬት በታች ያለ፣ ግድግዳው ሁሌ የሚያልበው ክፍል ነው። አጠገቧ የምትተኩሰው ልጅ ቀጭኗ ትባላለች። በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችል ብትሆንም ሆድ ለሆድ የተግባቡ ጓደኛሞች ነበሩ፤ አክስቴን "እታለም" ነበር የምትላት። ትልልቁን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲቀራረቡና ሲራራቁ ለሚያያቸው የሚጨፍሩ ይመስላሉ።

ከዚያ አዲስ የክፍል ኃላፊ መጣ። ሰውዬው እጁ አያርፍም። ቀጭኗን የልብስ ማከማቻው በር ላይ እየጠበቀ መከራዋን ያሳያት ጀመር። አንድ ቀን አክስቴ ጋሪ እየገፋች ስትገባ ልጅቷን ከመደርደሪያው ጋር አጣብቋት አገኘችው። ጋሪውን ሳታቆም እግሩ ላይ ነዳችበት።

"ይቅርታ ጌታዬ፣ ዐይኔ ደክሟል" አለችው። ዐይኗ እንኳን ሰው የመርፌ ቀዳዳ አይስትም።

ቀጭኗ አቤቱታ አስገባች። ሆቴሉም ነገሩን እንድታጣራ አንዲት ጠበቃ ቀጠረ። ጠበቃዋ ሠራተኞቹን ተራ በተራ እየጠራች አነጋገረች። አክስቴ ስትገባ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት።

"እናቴ፣ አስቀድሜ ልንገርዎት። እኔ የሆቴሉ ጠበቃ ነኝ፤ የእርስዎ አይደለሁም። የሚነግሩኝ ምስጢር ነው፤ የምስጢሩ ባለቤት ግን ሆቴሉ ነው። እርስዎም እዚህ ያወራነውን ለማንም እንዳይናገሩ።"

"ለልጅቷም?"

"ለእሷም።"

አክስቴ ቤቷ ወገቡን ታሞ የተኛ ባል አላት፤ የሚተዳደሩት በእሷ ደመወዝ ነው። ቢሆንም ያየችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች።

ሆቴሉ ምርመራው እንዳለቀ "ጥፋት አልተገኘም" ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ብዙም ሳይቆይ ቀጭኗን በሠራተኛ ቅነሳ ሰበብ አሰናበታት። ኃላፊው ደግሞ በቁስሏ ላይ ጨው ነሰነሰበት፤ "እታለም የምትያት እንኳ ምንም አላየሁም ነው ያለችው" አላት።

አክስቴ የሆቴሉ በር ላይ ጠበቀቻት። "እኔ እኮ..." ብላ ጀመረችና የጠበቃዋ ማስጠንቀቂያ ትዝ ሲላት አፏ ተሳሰረ።

"ተይው እታለም" አለች ቀጭኗ። "የታመመ ባል አለሽ፤ ይገባኛል።"

ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ስልክ ብትደውል አይነሳም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ቀጭኗ እንዳላየ ሆና ወደ ማዶ ተሻገረች። አክስቴ ቤት ገብታ ጓዳ ውስጥ አለቀሰች።

"ምን ሆንሽ?" አላት ባሏ ከአልጋው።

"ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።"

"ሽንኩርት ካለቀ ሰነበተ እኮ። ለምን አትነግሪያትም?"

"አሁን ብነግራት ማን ያምነኛል? ሥራዬንስ ባጣ፣ መድኃኒትህን በምን ልገዛ ነው?"

ቀጭኗ ሆቴሉን ከሰሰች። ጉዳዩን የያዘላት ወጣት ጠበቃ አክስቴን በምስክርነት እንጥራት ቢላት፣ "እሷን ተዋት፤ ችግሯ ይበቃታል" አለችው። ከድታኛለች ብላ እያመነች እንኳ አልጨከነችባትም።

ሆቴሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ "በጠበቃ አስመርምረን ንጹሕ መሆናችን ታውቋል" ሲል ተከራከረ። እንግዲያው የምርመራውን ሪፖርት አምጡ ሲባል ግን "የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ነው፤ አይወጣም" አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ምስጢር ከሆነ በምስጢርነቱ ይቀመጥ፤ እናንተም አትጥቀሱት። ምርመራው ነጻ አውጥቶናል ብላችሁ የምትከራከሩበት ከሆነ ግን ከሳሽም ምን እንደሚል የማየት መብት አላት። የሚጠቅማችሁን አውጥታችሁ የሚጎዳችሁን መሸሸግ አይቻልም።" ሪፖርቱ እንዲቀርብ አዘዙ።

ሲገለጥ የሆቴሉ ጠበቃ ለካ ኃላፊው እንዲሰናበት መክራ ኖሯል፤ ምክሯን ያፈኑት አለቆቹ ናቸው። የአክስቴም ቃል እንደተናገረችው ተጽፏል፦ "ሲይዛት በዐይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ ስትተኩስ ታንጎራጉር ነበር፤ እሱ ከመጣ ወዲህ ድምጿን ሰምቼው አላውቅም። ሰው ማስወጣት ካለባችሁ እኔን አስወጡኝ። እኔ ኖሬአለሁ፤ እሷ ገና ልጅ ናት።"

ቀጭኗ ይህን ወጣቱ ጠበቃዋ ቢሮ ተቀምጣ አነበበች፤ አንብባም በቀጥታ ወደ አክስቴ ቤት መጣች። አክስቴ እጇን እያደራረቀች በሩን ከፈተች።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አትናገሪ ተባልኩ።"

"ለእኔም?"

"ፈራሁም፣ ልጄ። ሁለቱም ነው።"

ቀጭኗ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"ማነው?" አለ ባልየው ከውስጥ።

"ቀጭኗ ናት።"

"ታዲያ ደጅ ላይ ነው እንዴ የምታስቀሪያት?"

ሆቴሉ ተረታ፤ ኃላፊውም ተባረረ። አክስቴን ማንም አልነካትም፤ ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ሠራች። ቀጭኗን ተመለሽ ቢሏት አሻፈረኝ ብላ አንድ ክሊኒክ ሥራ ገባች። እሑድ እሑድ ግን ከአክስቴ ቤት አትጠፋም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባልየውን ካርታ ታጫውተዋለች፤ እያጭበረበረ ሲያሸንፋት እያየች ዝም ትለዋለች።

"አንተ ሰውዬ" ትለዋለች አክስቴ፣ "ይህቺ እኮ ሆቴል ሙሉ ጠበቃ የረታች ልጅ ናት።"

"እኔን ግን አልቻለችኝም" ይላል፤ ካርታውን ይበውዛል።