ዘግይቶ የመጣው መድኃኒት

የያዙኝ ሴቻ በሚባለው ሰፈር፣ ከሥራ ስወጣ ነው። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ስለታሰሩ ባልደረቦቻችን ጠይቄ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉኝ። የነርስ ጋዋኔን እንኳ አላወለቅኩም።

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ የመታኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ የላብና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ። በትንሿ መስኮት «ሲቀላ፣ ሲቀላ» የሚሉ የታክሲ ረዳቶች ድምፅ ይገባል። ከተማው እንደወትሮው ነበር።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የያዟት ስልኳ ላይ ባገኙት ጽሑፍ ነው። ሌላዋ የላንቴ ሙዝ ነጋዴ፣ ሃምሳውን ያለፉ እናት ናቸው። የሚፈለገው ወንድማቸው ነበር፤ እሱ ሲጠፋ እሳቸውን አመጡ። ፍራሻቸው ላይ ጠጋ ብለው «ነይ ልጄ፣ እዚህ ነፋስ አለ» አሉኝ። ነፋስ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ውጭው ጸጥ ሲል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«ማዘር፣ ሰዓት ደብቀው አስገብተዋል እንዴ?» አለቻቸው ተማሪዋ።

ፈገግ ብለው ደረታቸውን ነኩ። «ልቤ ነው። ብረት ገብቶበታል።»

ገባኝ። በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ተደርጎላቸዋል።

«ደም ማቅጠኛውን ይወስዳሉ?»

«በየማታው እወስድ ነበር። ሲይዙኝ ከቦርሳዬ ጋር ወሰዱት።»

«ከተያዙ ቆዩ?»

«ሳምንት ሊሞላኝ ነው።»

ያ መድኃኒት ከተቋረጠ ደም ብረቱ ላይ ይረጋል፤ የረጋው ተቆርሶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። በሩን ደበደብኩ። ተረኛው ፖሊስ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ኃላፊው ሳይፈቅዱ ክኒን አይገባም። ውጠው ራሳቸውን የሚጎዱ አሉ» አለኝ። ከትከሻዬ በላይ እናትየዋን አያቸው። ነጠላቸውን እያጠፉ ነበር። «ደግሞ ደህና ናቸው እኮ።»

የዚያን ዕለት አመሻሽ የተማሪዋ አስም ተነሣ። ደረቷ ያፏጫል፤ ከንፈሯ ጠቆረ። ያው ፖሊስ ደነገጠ። ማንንም ሳያስፈቅድ ሮጦ ከተረኛው ጠረጴዛ የሚነፋውን መድኃኒቷን አመጣላት። ወደ ፊት አዘንብላ እንድትቀመጥ ደገፍኳት፤ ሁለቴ ሳበች፤ ቆይቶ ትንፋሿ ተመለሰ። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ያስደነግጣል። ደም ሲረጋ ግን ማንም አይሰማም።

ተማሪዋም ይህንኑ አስባ ነበር። «ማዘር፣ እርስዎም ነገ ይውደቁና ይጩሁ። ደንግጠው ያመጡልዎታል።»

«ልክ ናት፣ ይሞክሩት» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያላመመኝን አመመኝ ብዬ? ከዚያ በኋላ በምን አፌ ነው የምጸልየው?»

«ለሕይወትዎ እኮ ነው።»

«ጌታ ያውቃል፣ ልጄ።»

ለተለዋወጠው ተረኛ ሁሉ እውነቱን ነገርን። መልሱ አንድ ነበር፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

አንድ ጠዋት ልጃቸው የላከችላቸውን ዳቦ ሲቆርሱ ዳቦው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አዩት። ሊያነሱት ሞከሩ፤ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ቀና ሲሉ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ዞሯል። እኔና ተማሪዋ ጮህን።

ኃላፊው ራሳቸው መጡ። የመድኃኒቱን ፌስታል ይዘዋል።

«ይኸው መድኃኒታቸው። ስጫቸው።»

«አሁን አይሰጥም» አልኩ። «መዋጥ አይችሉም፤ ያንቃቸዋል። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ከሆነ ደግሞ ይገድላቸዋል። ሆስፒታል ይውሰዷቸው።»

«ያዘዝኩሽን አድርጊ።»

«አልሰጥም።»

ፌስታሉን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ መኪና አስጠሩ።

ፖሊሶቹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሊያወጧቸው ሲሉ ተማሪዋ መሐል ገባች። «ቆዩ፣ ፀጉራቸው ተገልጧል» አለች። ሻሻቸውን አስተካክላ አሰረችላቸው። እኔ አፋቸውን በጋዋኔ ጫፍ ጠረግሁ። እስከ መኪናው ተሸክመን ያወጣናቸው እኛ ነን፤ ማንም አልከለከለንም። ከዚያ ወደ ክፍላችን ተመለስን።

ሁላችንም ክስ ሳይመሠረትብን ተፈታን። እሳቸው ዛሬ ላንቴ፣ ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ገበያ ላይ የለመዱት አማርኛ ጠፍቷል፤ የአፍ መፍቻቸው ጋሞኛ ብቻ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ፌስታሉ የነበረበት የተረኛው ጠረጴዛ ከበራችን የራቀ አልነበረም። ስጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ይህንን ሳላስብ አልመለስም።

እኔ ለአገሩ እንግዳ ስለሆንኩ ጋሞኛ አልችልም፤ የምታስተረጉመን ልጃቸው ናት። ባለፈው ስሄድ ግራ እጃቸውን እጄ ላይ አድርገው ረጅም ነገር ነገሩኝ። ልጅቷን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

«ይሄን በአማርኛ እንዴት እንደምለው አላውቅም» አለችኝ።

ጋሞኛ መማር ጀምሬያለሁ።