ለፍሬኑ ያልተሰላው ዘንግ

ባሌ አብዱልሐሚድ ቁጭ ብሎ ሻይ የጠጣበትን ቀን አላስታውስም። ሁሌም ብርጭቆውን ይዞ ይንጎራደዳል። አዲስ አበባ እያለ ሙያ ትምህርት ቤት ውስጥ የመኪና ክፍሎች ስንት ጉልበት እንደሚችሉ ማስላት ያስተምር ነበር፤ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ግን ከኤርፖርት ሆቴል መንገደኛ ያመላልሳል። የስሌት አመሉ አሁንም አልለቀቀውም።

ጣጣውን ያመጣው የጋሽ ደምሰው መኪና ነው። ጋሽ ደምሰው ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጎረቤታቸው ሲሞት፣ ጋራዡ ውስጥ የነበረችውን መቶ አሥር ዓመት ያለፋት መኪና ገዙ። የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞረው ዘንግ ተሰብሮ ስለነበር አዲስ አስቀረጹ፤ ይችል እንደሆነ እንዲያሰላላቸው ባሌን ለመኑት። የልጅ ልጃቸው አቢጊያ ልታገባ ነው። ተራራው ላይ ፎቶ ከተነሣች በኋላ በዚያች መኪና ቁልቁል ይዘዋት ሊወርዱ አስበዋል።

እሑድ የሠርጉ ሽማግሌዎች ሁሉ እሳቸው ቤት ተሰብስበው ሳለ፣ ጋሽ ደምሰው "እንዴት ነው አብዱል፣ ይችላል አይደል?" አሉት። ስሌቱ ገና አላለቀም።

"ምን ችግር አለው ጋሼ!" አለ ባሌ።

ይሉኝታ ነዋ! እኛ ሰዎች ትልቅ ሰው ፊት "ገና አላወቅኩም" ከምንል ምላሳችን ቢቆረጥ እንመርጣለን። ሰዉም አጨበጨበ።

በሠርጉ ዋዜማ፣ ዓርብ ምሳ ላይ ባሌ ድንገት ጠረጴዛውን መታ። "ያ አላህ! ማህፉዛ፣ ያሰላሁት ለሞተሩ ብቻ ነው!"

"ታዲያስ?"

"የድሮ መኪና ፍሬን እኮ ጎማው ላይ አይደለም፤ ማርሹ ጋ ነው። ሲረገጥ መኪናዋን የሚያቆማት ይኸው ዘንግ ነው። ለሞተሩ ጉልበት አንድ ተኩል እጥፍ ይችላል። ቁልቁለት ላይ በደንብ ከተረገጠ ግን ይሰበራል። ከተሰበረ ደግሞ ፍሬን የሚባል ነገር የለም፤ የእጅ ፍሬኑም ለስሙ ነው ያለው።"

"ደውልላ!"

"ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንዴት ይነገራል?"

"ሲሞቱስ በምን ልትነግራቸው ነው?" ጮኽኩበት። ደወለ። ሠርግ ቤት ስልክ ማን ያነሣል!

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ቦታ ደውዬ አልመጣም አልኩና እኔው ነዳሁ። እሱ ጎኔ ሆኖ ቀበቶውን ይፈታል፣ ያስራል። ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር አጠገብ መንገዱ ሲዘጋጋ ወርዶ በእግሩ ሊሄድ ነበር፤ እጁን ያዝኩት። እኔም ፈርቻለሁ። ልጅቷን በነጭ ልብስ አስባታለሁ።

ጋሽ ደምሰው ቤት ስንደርስ መኪናዋ በአበባ ተሸልማ፣ ወደ ተራራው በሚወስዳት ተጎታች ላይ ወጥታለች። ጋሽ ደምሰው ባርኔጣቸውን ደፍተዋል። የእሑዶቹ ሽማግሌዎችም አንድ ሳይቀሩ አሉ።

"ጋሼ፣ ትንሽ ነገር... ምናልባት..." ጀመረ ባሌ።

ጎሸም አደረግኩት።

"ዋሽቼዎታለሁ" አለ። "ይችላል ያልኩት ሳላውቅ ነው። ፍሬኑን አላሰላሁም። ዛሬ አይወረድባትም።"

ጋሽ ደምሰው ፊታቸው ተለዋወጠ። "በሠርጌ ቀን? በእንግዳ ፊት?" አሉ፤ ሙሽራው እሳቸው ይመስል። "ሠላሳ ዓመት ሰው የጫንኩ ሰውዬ ፍሬን አልረግጥም?"

"ችግሩ እሱ ነው ጋሼ" አለ ባሌ። "እርስዎ ይረግጡታል።"

አቢጊያ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። "ኢትስ ኦኬ አባባ፣ በአጎቴ መኪና እንወርዳለን" አለች። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጀርባቸውን ሰጡን። ሳንበላ ወጣን።

ሁለት ወር ሙሉ አኮረፉን፤ ባሌም ቤቱን ሲዞር ምንጣፉን ጨረሰው። አንድ ቅዳሜ በር ተንኳኳ። ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ወፈር ያለ አዲስ ዘንግ ታቅፈዋል። ሰላምታም ሳይሰጡ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ይሄኛውስ ይችላል?"

ባሌ አየኝ። ከዚያ እሳቸውን አየ።

"አላውቅም ጋሼ።"

"እሺ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። "እጠብቃለሁ።"

አብዱልሐሚድም ወረቀቱን አወጣና አጠገባቸው ቁጭ አለ።