በመዳፌ የቀመስኩት ቦርቦን

2017 ዓ.ም.፣ ክረምት። የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ቀርቶታል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ከአዲስ አበባ መጥቶ እኛ ዘንድ ሰንብቷል፤ በማግስቱ ጠዋት በአውሮፕላን ሊመለስ ነው። ስለዚህ ቅበላውንም ሽኝቱንም በአንድ ምሳ አደረግነው። መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ ያለችው ቤታችን ጣሪያዋ ስለሚያፈስ ሳህኖቹን ከጠብታው እያሸሸሁ ነበር ያቀረብኩት። ደክሞኝ ነበር። የዚያን ሰሞን ድካም በእንቅልፍ የሚወጣ አልነበረም። ቢሆንም ከልጃችን ጋር አራታችንም በአንድ ገበታ ነበርን፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን።

እንግዳው በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ከሻንጣው አንድ ጠርሙስ አወጣ።

"ጦርነቱ ሲያልቅ ከእናንተ ጋር እከፍተዋለሁ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው" አለ። እኔ ከደብረ ብርሃን ተድሬ መቀሌ የመጣሁ ስለሆንኩ፣ እኔ ባለሁበት ሁሉም በአማርኛ ያወራሉ።

"ምንድን ነው?" አለው ባለቤቴ።

"የአሜሪካ ውስኪ። ቦርቦን ይሉታል። ሃያ ዓመት በርሜል ውስጥ የኖረ ነው።"

"ከምን ይሠራል?"

"ከበቆሎ።"

"ከበቆሎ! ስንት ገዛኸው?"

"ያንድ በሬ ዋጋ።"

"ዋይ አንተ ሰው! በሬውን ብትገዛ ኖሮ በቆሎውን አርሶ ያመጣልን ነበር።"

"አንተ ዕድሜህን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ናፍጣ እያሸተትህ ኖረህ ምኑን ታውቀዋለህ!"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ልጄን ነበር የማየው።

ልጃችን ከጦርነቱ በሕይወት ተመልሶልናል። ብዙ እናቶች ያላገኙትን አግኝቻለሁና ስለ እሱ ማማረር ይከብደኛል። ግን ከተመለሰ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለው። እንቅልፍ ፍለጋ አረቄ ጀመረ። እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ወድቆ የማያውቁት ሰዎች ደግፈው ያመጡት ቀን አለ። በመጨረሻ ራሱ የንስሓ አባታችን ዘንድ ሄደና "አባ፣ ይገዝቱኝ" አላቸው። አባም መስቀላቸውን አሳልመው ከመጠጥ ገዘቱት። ከገና በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ በአፉ አልዞረም። አባቱም ምንም ሳይናገር አብሮት ተወ፤ ጎረቤት ስዋ፣ የትግራዩን ጠላ፣ ሲጋብዘው "ሆዴን አሞኛል" ይላል። ይህን ሁሉ ለእንግዳው አልነገርነውም። የልጅ ገመና ነው።

በእኛ ቤት ልማድ የሚቀዳው ታናሹ ነው። የሚቀዳ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ከመጠጡ ትንሽ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት ነው። እንግዳው ሊያከብረው ፈልጎ ጠርሙሱን ለልጄ ዘረጋለት።

"በል ወደይ፣ ልጄ፣ አንተ ቅዳ። እንደ ደንቡ ቀምሰህ ቅዳ። የመጀመሪያው ጠብታ ያንተ ነው።"

ልጄ ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቡሹን ሲነቅለው ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ያረረ ስኳርና አዲስ የተላገ እንጨት ይሸታል። ደስ ይላል። ያስፈራኝም ደስ ማለቱ ነው። ግራ መዳፉን አጎደጎደ። አባቱ ወለሉን ያያል። ታላቅ ወንድሙን፣ ያውም ስንት ዓመት ጠብቆ የመጣን ሰው፣ እምቢ ማለት አልሆነለትም።

ተነሣሁና ጠርሙሱን ከልጄ እጅ ወሰድኩ።

"ዛሬ እኔ ነኝ የምቀዳው።"

"ዋይ ሓፍተይ!" አለ እንግዳው፤ እህቴ ማለቱ ነው። "ጎረምሳ ቆሞ እናት ትቀዳለች? ደግሞስ ያንቺ አፍ ከጸበል ሌላ ምን ያውቃል?"

"ዛሬ ይወቅ።"

በመዳፌ ጠብ አድርጌ፣ አማትቤ ቀመስኩት። መጀመሪያ ጣፈጠኝ። ከዚያ ጉሮሮዬን እያቃጠለ ወረደ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

"እ? እንዴት ነው?" አለ እንግዳው፣ እንደ ልጅ ጓጉቶ።

"ጥሩ ነው።" እውነቴን ነበር።

"የበሬ ዋጋ ያወጣል?" አለ ባለቤቴ።

"ለእኔ የደረሰኝ ቀንዱ ነው።"

ቀድሞ የሳቀው ልጄ ነበር። ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ፣ እንደ ቆመ ተናገረ።

"ሓወቦይ" አለ፤ ያባቱን ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው። "እኔ መጠጥ አቁሜያለሁ። እጠጣ ነበር፣ በጣም። አባ ገዝተውኛል።"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። እንግዳው ልጄን አየ፤ ከዚያ ወንድሙን፤ ከዚያ እርጥብ መዳፌን። ቡሹን ከጠረጴዛው አነሣና ጠርሙሱን ራሱ ከደነው።

"ሃያ ዓመት የተቀመጠ ነገር ለእኛ ብሎ አይቸኩልም" አለ። "በይ ሻይ አምጪልን፣ ሓፍተይ።"

ቅር ብሎታል፤ ድምፁ ያስታውቃል። ያ ቀን እንዲህ እንዲሆን አልነበረም ያሰበው። ልጄን ግን ከጎኑ አስቀመጠው፤ ሻዩ እስኪመጣም ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆየ።

ጠርሙሱን መልሶ አልወሰደም። የሰጡትን መመለስ ነውር ነውና ቡፌው ላይ ተወው። ማታ ስጸልይም ዓይኔ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ። ለእንግዳው ሚስት ያዘጋጀሁትን ነጭ ማር ሻንጣው ውስጥ ሳስገባ ጠርሙሱንም በፎጣ ጠቅልዬ በሸሚዞቹ መካከል ሸጎጥኩት። እንግዳው ሻንጣውን ሲያነሣ ከበደው። ቀና ብሎ አየኝ።

"ማሩ በዛ" አለ።

"ለጤና ያድርገው።"

ልጄ ሻንጣውን ተቀብሎ እስከ ታክሲው ተሸከመለት፤ ተመልሶም ተኛ። ነጠላዬን አጣፍቼ ስወጣ ትንፋሹ ይሰማኛል። አምና በዚህ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሲመላለስ ነበር የሚነጋው። አልቀሰቀስኩትም። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ለውዳሴ ማርያም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።