እስር ቤት ውስጥ የቀጠለው የኬሚስትሪ ሳምንት

ሊወስዱኝ ሲመጡ ላብራቶሪ ውስጥ ቢከር እያጠብኩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ለአሲድና ቤዝ ሙከራ በር ላይ ተሰልፈዋል። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡና «ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም» አሉኝ። ጋውኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። ልጆቹ መንገድ ለቀቁልኝ። አንዷ ብቻ «ቲቸር፣ ሙከራውስ?» አለች።

«ነገ» አልኳት።

ያስገቡኝ ከሀና ማርያም ብዙም ከማይርቅ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል፤ የበረኪናና የላብ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫ ይይዛል። ስድስተኛዋ ሴት እኔ ነበርኩ። ጥግ የነበሩ አንዲት እናት ጠጋ ብለው ከፍራሻቸው ቦታ ሰጡኝ። ፉሪ ሰፈር ተወልደው እዚያው ያረጁ፣ የእርሻ መሬታቸው ቤት ሲሠራበት አትክልት መነገድ የጀመሩ ሴት ናቸው። የተፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ ሲታጣ እሳቸውን ወሰዱ። ልጁ ይሙት ይኑር አያውቁም። እትዬ እላቸው ነበር።

ማክሰኞ ምሳ ስንበላ ነጠላቸው ላይ አልጫ ፈሰሰ። ሊያጥቡት ወደ ቧንቧው ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቢጫው እድፍ ሳሙና ሲነካው ደም የመሰለ ቀይ ሆኗል።

«ልጄን ገድለውታል» አሉ። አልጮሁም። ቁጭ ብለው ነጠላውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ሌሎቹ ሴቶች አማተቡ።

«እትዬ፣ የአልጫው እርድ ነው» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ከምሳው ጋር ግማሽ ሎሚ መጥቶ ነበር፤ አንስቼ እድፉ ላይ ጨመቅኩት። ቅላቱ እያየነው ጠፋ፤ ቢጫው ተመለሰ።

ነጠላውን ወደ ብርሃኑ አዙረው አዩት። «እስቲ ድገሚው።»

ሳሙና አስነካሁት፤ ቀላ። ሎሚ ጨመቅኩ፤ ቢጫ ሆነ። አራት ጊዜ አስደገሙኝ። ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።

«ይሄንን ነው የምታስተምሪው?»

«አዎ እትዬ። ልጆቹ ትናንት ሊያዩ የነበረው ይሄንኑ ነው።»

ዓይናቸውን ጠረጉና «ነገስ ምን አለ?» አሉ።

ረቡዕ የነበረኝ ትምህርት የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን ነው። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ በጠርሙስ ክዳን አደረግነው። ሰማያዊው ሃይድሮጅን፣ ነጩ ኦክስጅን ሆነ፤ ከሁለቱ ውሃ ሠራን። ከሁላችንም ቀድሞ የገባው ለእሳቸው ነው።

«በዚህ በኩል የገባው ሁሉ በዚያ በኩል መውጣት አለበት በይኛ?»

«አንድም ሳይጎድል።»

«በይ እሱን ለፖሊሶቹ ንገሪልኝ።»

ስንስቅ ጠባቂዋ በሩን በዱላ መታች።

ሐሙስ መርማሪው ጠራኝ። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። ከመሳቢያዬ የወሰዱትን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ፤ ትምህርት ቤቱ እንዲገዛልን የጻፍኩት የላብራቶሪ ዕቃ ዝርዝር ነው። አብሮት ሌላ ገጽ ነበር። ዕቃው ፈንጂ ለማዘጋጀት የታሰበ መሆኑን አምናለሁ ይላል።

«ፈርሚ። ዛሬውኑ በዋስ ትወጫለሽ።»

ልጄ እህቴ ቤት ነበረች። ስድስት ዓመቷ ነው። እስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ገጹን ገለበጥኩና በጀርባው ጻፍኩ፦ ማግኒዥየም፣ ሲቃጠል የሚሰጠውን ነጭ ብርሃን ለማሳየት። ሰልፈሪክ አሲድ፣ ስኳር ሲከስል ለማሳየት። ሁሉንም እንዲህ ጻፍኩና ከሥሩ «የኬሚስትሪ መምህርት» ብዬ ፈረምኩ።

ቀስ ብሎ አነበበው።

«ስኳር ይከስላል?»

«ጥቁር ሆኖ እያበጠ ከቢከሩ አፍ ይወጣል።»

ከወረቀቱ ቀና አለ። «እኛ ላብራቶሪ አልነበረንም» አለ። «በሰሌዳ ነው የተማርነው።» ከዚያ ወረቀቱን አጠፈና፣ «ይሄ አያስወጣዎትም» አለኝ። እስከዚያች ደቂቃ አንቺ ሲለኝ ነበር።

ዓርብ ረፋድ ላይ እትዬን ከነዕቃቸው ጠሯቸው። ልጃቸው በራሱ እግር መጥቶ እጁን ሰጥቷል። በሩ ላይ ቆመው ወደ እኔ ዞሩ፤ መደሰትም ማዘንም ፈርተው ነበር።

«በሕይወት አለ» አሉኝ።

እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ ክስ ተለቀቅኩ። ለምን እንደታሰርኩም ለምን እንደተፈታሁም የነገረኝ የለም። የእትዬ ልጅ ከወራት በኋላ መፈታቱን ሰማሁ።

ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ተማሪው በዝቷል፤ ላብራቶሪው ግማሹን እንኳ አይዝም። ባልደረቦቼ ጥቂት ልጆች ወክለው ይሥሩ፣ ሌላው ማስታወሻ ይገልብጥ ይሉኛል። እኔ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየቆየሁ በየተራ ሁሉንም አስገባለሁ። እግሬ ያብጣል፤ ቤቴም አመሻለሁ። ያንን መርማሪ ይቅር ማለት አለማለቴን እስካሁን ለራሴ አልመለስኩም። ሙከራ ሳያይ ያደገ ልጅ መሆኑን ግን አልረሳሁም።