ሌንሱ ላይ ያለው ቀይ ነጥብ

ባለፈው ቅዳሜ እቃ ስንሸክፍ የልጄ ልጅ ማሂ አልጋዬ ስር አንድ የታሰረ ካልሲ አገኘች። የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ስለሆነ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ልንገባ ነው። ካልሲውን ስትፈታው የድሮ ሌንሴ ወጣ። ካሜራው ከተሰበረ ዘመን አልፎታል፤ ሌንሱ ብቻ ቀርቶ እንደዚያ ተጠቅልሎ ኖሯል።

«አባባ! ይሄን ይዘው ነው እንዴ ዝም ያሉት?» አለች። «አሁን እኮ ሰው እነዚህን ሲፈልግ ነው የሚውለው። ማለቴ፣ ዲጂታል ካሜራ ላይ የድሮ ሌንስ ገጥመው ነው የሚያነሱት። በቃ ሌላ መልክ ነው የሚሰጠው።»

«ያንቺ ካሜራ የራሱ ሌንስ የለውም?»

«አለው። ግን ሁሉንም ራሱ ነው የሚያደርገው። ይሄ በእጅ ነው።»

«በእጅ የሚሠራውን ሸሽታችሁት አልነበር?» አልኳት። ሳቀች።

እሁድ ዕለት ወሎ ሰፈር ካለ ጓደኛዋ አንድ ቀጭን የብረት ቀለበት ተውሳ መጣች። አንዱ ወገኑ ካሜራውን ይይዛል፣ አንዱ ወገኑ ሌንሱን። ስትገጥመው ካሜራው ሌንስ የለም ብሎ ጻፈ። «ይበል» አለችና አንድ ሁለት ነገር ነካካች፤ እሺ አለ። ከዚያ ሌንሱን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«አባባ፣ ይሄ ቀይ ምንድነው? የጥፍር ቀለም ነው አይደል? የማን ነው? ይንገሩኝ እንጂ!»

ከእጇ ነጠቅኳት። ልጅቷ ደነገጠች። ምን ብዬ ልንገራት? እስከዚያ ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እንደመጣልኝ ልጻፈው።

በወጣትነቴ ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ወርቁ ይባላሉ፤ ካሜራውን ኋላ ለእኔ የተዉልኝ እሳቸው ናቸው። ሥራችን አብዛኛው የመታወቂያ ፎቶ ነው። ሰው ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ብልጭ፣ የሚቀጥለው። ወንበሩ ወለሉ ላይ በሚስማር የተመታ ነው፤ ካሜራው የሚቆምበትም ቦታ አይለወጥም፤ መሃላቸው ሁለት እርምጃ ነው። ስለዚህ ጋሽ ወርቁ ከሚስታቸው የጥፍር ቀለም ወስደው ምስል የሚያጠራው የሌንሱ ቀለበት ላይ ቀይ ነጥብ አደረጉበት። ቀለበቱ እዚያ ላይ ከሆነ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው ጥርት ብሎ ይወጣል። «አትፈላሰፍ፤ ቀዩ ላይ አድርግና ተጫን» ይሉኝ ነበር። እኔም በቀን ስልሳ ሰባ ሰው በቀዩ ነጥብ አነሳለሁ። ሲቆይ ጣቴ ራሱ ይሄድ ጀመር። ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ።

የአገሩን ሰው ሁሉ ሳነሳ የቤቴን ሰው አንድ ቀን አንስቼ አላውቅም። ታናሼ ግርማ በአንድ ዓመት ነው የሚያንሰኝ። ሰው መንታ ናችሁ ወይ ይለን ነበር። መስቀል ፍላወር አካባቢ ጋራዥ ይሠራል። ና ላንሳህ ስለው፣ «ቆይ ግሪሱ ይልቀቀኝ» ይላል። ግሪሱ ሳይለቀው ለጦር ተጠራ።

የሄደበት ቀን ሐምሌ ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ገና አላባራም፤ ግቢው ጭቃ ብቻ ነው። ካሜራውን ጋሽ ወርቁን አስፈቅጄ አምጥቼዋለሁ። ዘማቾቹን የሚወስደው መኪና ከአስፋልቱ ጥሩምባ ይነፋል። ግርማ የቆርቆሮው በር ጋ ቆመ፤ ከእኔ ስድስት እርምጃ ይሆናል። እናቴ የቋጠረችለትን ዳቦ ቆሎ ይዛ መሃላችን ትንጎራደዳለች።

«እማዬ ዞር በይለት፣ ያንሳኝ!» አለ ግርማ። «ደምሴ፣ ቶሎ በል! የጋራዥ ሰው አታስመስለኝ ደግሞ።»

ደመና ስለሆነ ብርሃን እንዲገባ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሌንስ እንደዚያ ሲከፈት ያነጣጠርክበትን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ሌላውን ይተዋል። በካሜራው ሳየው ግርማ ብዥ ብሏል። እኔ እንባዬ ነው ብዬ ነው። እንባዬን መጥረግ አፍሬ ተጫንኩ። ሮጦ ወጣ። በቃ።

ፊልሙን ያጠብኩ ዕለት ነው ያየሁት። ጣቴ ለምዶበት ቀዩ ላይ አድርጎታል። ሁለት እርምጃ ላይ ያለው የእናቴ እጅና የቋጠሮው ጨርቅ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። በሩ ጋ ያለው ልጅ ግን ጭስ ነው። ፊት የለውም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። «ቆንጆ ወጥቷል፤ አሳድጌ በፍሬም ነው የማመጣልሽ» አልኳት። እሷም ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሳይቀር፣ «የግርማዬ ፎቶ ፎቶ ቤት ነው፤ ደምሴ አሳምሮ አንስቶታል» ትላለች። በጠየቀችኝ ቁጥር ወረቀት ጠፋ እላለሁ። ሲመለስ ደግሜ አነሳዋለሁ፣ ማን ያውቃል እላለሁ በሆዴ። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚህ።

በመጋቢት አንድ ማለዳ የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ግቢያችን ገቡ። መርዶ ነው። እናቴ መሬት ላይ ወደቀች፤ ውሃ ረጩባት። ነፍሷ ሲመለስ የመጀመሪያ ቃሏ «ፎቶው!» ነው። «ደምሴ፣ ልጄን አምጣልኝ!»

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሚለቀሰው ፎቶና ልብስ ይዞ ነው። ልብሱን አወጡት፤ የጋራዥ ቱታው ነበር። ፎቶው የቀረው በእኔ ነው። ድንኳኑ እየተተከለ፣ ንፍሮው እየተጣደ ነው። ሰው ሁሉ እኔን ያያል።

እየሮጥኩ መጀመሪያ ጋራዡ ሄድኩ። «አብራችሁ የተነሳችሁት የለም?» አልኳቸው። አንዱ የእግር ኳስ ቡድናቸውን ፎቶ ከግድግዳ አወረደልኝ። አሥር ሰው ነው። ግርማስ ስለው፣ «የዚያን ዕለት ኳሷን ሊያመጣ ሄዶ ነበር» አለኝ። መታወቂያው ላይ የነበረውም አብሮት ሄዷል። ከዚያ ፎቶ ቤት ገባሁና ጋሽ ወርቁ እግር ላይ ወደቅኩ። ፊልሙን ብርሃን ላይ አደረጉት። እሳቸው ፊልም ላይ በቀጭን እርሳስ ጥርስ የሚያስተካክሉ፣ የታመመ ሰው ጉንጭ የሚሞሉ ናቸው። አትመው በመነጽር አዩት፣ ራቅ አድርገው አዩት።

«ደምሴ፣ የሌለ ዓይን አልከፍትም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ ትሞትብኛለች።»

ፊቴን ብዙ አዩት። ከዚያ በአገጫቸው ወንበሩን አሳዩኝ። «ተቀመጥ።»

«ምን?»

«ተቀመጥ አልኩህ እኮ! ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው አይደል? በየትኛው ነው?»

«በግራው» አልኩና ተቀመጥኩ። ሌንሱን ቀዩ ላይ አድርገው ተጫኑ። ጥርት ብዬ ወጣሁ። ጠባሳውን በእርሳስ አደረጉ፣ ጸጉሬን እንደሱ አስተኙት። ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ በቅጡ ሳይደርቅ ይዤ ሄድኩ። የተበላሸውን ፊልም ግን ከመውጣቴ በፊት ክብሪት ለኮስኩበት።

ድንኳኑ ውስጥ ፎቶውን ከእጄ ነጠቁኝ። አስለቃሿ ወደ ላይ አነሳችው። «ይሄን ዓይን አፈር በላው ወይ! ይሄን ግንባር ማን ዳሰሰው!» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። ሰው ደረቱን ይመታል። ዓይኑ የእኔ፣ ግንባሩ የእኔ። እኔ ምሰሶው ጋ ቆሜ በራሴ ላይ ሲለቀስ እሰማለሁ። አንድ የሩቅ አጎታችን አቅፎኝ፣ «ቁርጥ አንተን ነበር» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ አልኩ።

ፎቶው እናቴ ጋ ደረሰ። አየችው። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ደግማ እሱን አየችው። ደረቷ ላይ ለጥፋው አለቀሰች።

የአርባው ማግስት፣ ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ደጅ መደብ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ።

«ደምሴ፣ ያንተን ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። አሁን የሱን አምጣልኝ።»

ጋሽ ወርቁ ያተሙት ያ ጭሱ ፎቶ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይዤው ነው የምዞረው። ሰጠኋት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ። በአውራ ጣቷ ብዥ ያለውን ቦታ ዳሰሰችው።

«እኔም የዚያን ቀን በእንባ እንዲህ ነው ያየሁት» አለች።

መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ስትሞት ከእሷ አልተለየም፤ አብሯት አፈር ገባ። ግድግዳው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ልጆቼም የልጅ ልጆቼም ፎቶው ላይ ያለሁትን እኔን «ጋሽ ግርማ» እያሉ ነው ያደጉት። እውነቱን ልናገር ስል አፌ ይያዛል፤ ብናገር የግርማ ፊት ሁለተኛ የሚሞት ይመስለኛል።

እሁድ ዕለት ግን ሌንሱን ስመልስላት ማሂ በሱ ያንን የግድግዳ ፎቶ ልታነሳው ስትል ዝም ማለት አልቻልኩም። «ተይው» አልኳት። «እሱ አይደለም። እኔ ነኝ።» ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

«እና የሱ ፎቶ የለም?» አለች በመጨረሻ።

«የለም።»

«የት ነበር የቆመው?»

ወደ ግቢ ወጣን። የቆርቆሮው በር አሁንም ያው ነው፤ ዝጎ ከታች ተበልቷል። በሚቀጥለው ሳምንት እሱም የለም። እኔ የዚያን ቀን የቆምኩበት ቆምኩ። ዓይኔ ደክሟል፤ ካሜራው ግን ስክሪኑ ላይ አቅርቦ አጉልቶ ያሳያል። ቀለበቱን ያዝኩት። ጣቴ አሁንም ወደ ቀዩ ሄደ፤ እርጉም ጣት። አሳለፍኩት። ቀስ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ የበሩ ሚስማር ብቅ እስኪል፣ ዝገቱ እስኪቆጠር ድረስ አዞርኩት። ከዚያ ተጫንኩ።

ማሂ መጥታ በትከሻዬ በኩል አየችው። በሩ ጥርት ብሏል። መቀርቀሪያው፣ ስንጥቁ፣ ከሥሩ የበቀለው ሳር ሳይቀር ጥርት ብሏል። እሱ የቆመበት ቦታ ብቻ ባዶ ነው።